አገሩ ያልጠራችው ካውቦይ



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ኳስ ነው። «መምህር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ?» የምትሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ታገሱኝ፣ ታሪክ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝን ሊግ የምትከታተሉ ኖርዊች ሲቲን ታውቁታላችሁ። ቢጫ ለባሾቹ «ካናሪዎች»። ፕሪሚየር ሊግ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። ብዙዎቻችሁ ይህን ክለብ የምታውቁት አርሰናል ወይም ማንቸስተር ሦስት ነጥብ የሚወስድበት ቡድን ሆኖ ነው። የኖርዊችን ሽማግሌ ደጋፊ «ከዘመናት ሁሉ የትኛው?» ብትሉት ግን ብዙ ሳያስብ 1959 ይላችኋል። በዚያ ዓመት በቀኝ ክንፍ 7 ቁጥር ለብሶ የሚበርረው ተጫዋች እንግሊዛዊ አልነበረም። ኤሮል ክሮሳን ይባላል፤ የሞንትሪያል ልጅ፣ ካናዳዊ ነው። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ቅጽል ስም ወጣለት፦ «ካውቦይ»።

ክፍል ውስጥ ደጋግሜ እላችሁ የነበረ ነገር አለ። ሰነድ ላይ ባዶ ቦታ ስታዩ «ምንም አልተደረገም» ብላችሁ አትለፉ፤ መጀመሪያ ሰነዱን ማን እንዳዘጋጀው፣ ምን ለመቁጠር እንዳዘጋጀው ጠይቁ። የካውቦዩ ታሪክ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ነው።

*

እስቲ ከካናዳ እንነሳ።

ካናዳ በእግር ኳስ እንግዳ አገር አይደለችም። በ1904ቱ የሴንት ሉዊስ ኦሊምፒክ የእግር ኳሱን ወርቅ የወሰደው የኦንታሪዮው ጋልት ክለብ ነበር። ስኮትላንዳውያንና አየርላንዳውያን መጤዎች ኳሱን ይዘው ገብተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ጣሊያኑ፣ ዩክሬኑ፣ ሀንጋሪው በየሰፈሩ የራሱን ክለብ አቋቁሟል። ቶሮንቶ ውስጥ የክለቦቹን ስም ማንበብ ብቻ የስደተኞች መዝገብ እንደ ማገላበጥ ነበር።

የጎደለው ነገር ሌላ ነው። አገሪቱ ሰፊ ናት፤ ከሞንትሪያል እስከ ቫንኩቨር ያለው ርቀት ከአትላንቲክ ማዶ ካለው ርቀት ብዙም አይተናነስም። ክረምቱ ረጅም ነው፣ የሕዝቡ ልብ ደግሞ በረዶ ላይ ከሚጫወተው ሆኪ ጋር ነው። ኳስ ቅዳሜና እሑድ የሚጫወቱት እንጂ እንጀራ የሚበሉበት ሥራ አልነበረም።

አሁን ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። የካናዳ ብሔራዊ ቡድን በ1927 ኒውዚላንድ ድረስ ሄዶ ተጫውቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀጣዩን ይፋዊ ጨዋታ ያደረገው በ1957 ነው። ሠላሳ ዓመት! በ1957 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አራት ጨዋታ አደረገ፤ አሜሪካን 5ለ1 እና 3ለ2 አሸነፈ፣ በሜክሲኮ ግን 3ለ0 እና 2ለ0 ተሸንፎ ቀረ። ከዚያስ? እስከ ኦክቶበር 1968 ድረስ እንደገና ዝም። ለ1962ቱ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ገብታ ወጣች፣ ለ1966ቱ ጭራሽ አልገባችም።

በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አራት ጨዋታ፣ አራቱም በአንድ ክረምት። በዚህ መሐል የተወለደ፣ ያደገ፣ የተጫወተ፣ ጫማውን የሰቀለ አንድ ሙሉ ትውልድ አለ። ያ ትውልድ «ለአገሬ ተሰልፌ ነበር» ለማለት ዕድሉ የነበረው በዚያች አንዲት ክረምት ብቻ ነው። እሷ ካመለጠችህ አለቀ።

*

ክሮሳን የዚያ ትውልድ ልጅ ነው። በኦክቶበር 1930 ሞንትሪያል ተወለደ፤ ኳሱን በምዕራቡ ጠረፍ በኒው ዌስትሚኒስተር ሮያልስ ተጫወተ። ሮያልስ በካናዳ ሻምፒዮና ስሙ የታወቀ ቡድን ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የካናዳ ታላቅ ቡድን መሆን ማለት ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ መመለስ ማለት ነበር። ኳስን ሥራው ማድረግ የፈለገ ሰው አንድ አማራጭ ብቻ ነበረው፤ ባሕር መሻገር።

ተሻገረ። መጀመሪያ ማንቸስተር ሲቲ ወሰደው፤ ለዋናው ቡድን ግን ሳይሰለፍ ቀረ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። እሱ ግን ወደ ታች ወረደ። በ1955 ወደ ጊሊንግሃም፣ በ1957 ወደ ሳውዝኤንድ ሄደ። ሁለቱም በዝቅተኛው ሊግ የሚጫወቱ ክለቦች ናቸው። ሜዳው ጭቃ፣ ጉዞው ረጅም፣ ተመልካቹ ጥቂት ነው። ፈጣን የክንፍ አጥቂ፣ ወደ ጎል መግባት የማይፈራ ሰው መሆኑ የታወቀው እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። በ1958 መጸው ኖርዊች ሲቲ ገዛው።

እንግዲህ «ኖርዊች ገዛው» ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ኖርዊች ሊሞት ነበር። ክለቡ በ1956 ለሜዳው የማታ መብራት አስገባ። መብራቱ 9,000 ፓውንድ ገደማ ፈጀ፣ ካዝናው ባዶ ሆነ፣ የተጫዋች ደመወዝ መክፈል ጨነቀ። በ1956/57 ደግሞ በሦስተኛ ዲቪዚዮን ደቡብ መጨረሻ ወጣ። በዚያን ጊዜ መጨረሻ የሚወጣ ክለብ በቀጥታ አይወርድም ነበር፤ ሌሎቹን ክለቦች «እባካችሁ በሊጉ አቆዩኝ» ብሎ ድምፅ ይለምናል። ኖርዊች ለመነ፣ አቆዩት። የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጣ። ጄፍሪ ዋትሊንግ የሚባል የከተማው ነጋዴ ሊቀመንበር ሆኖ አዲስ ቦርድ አቋቋመ። አርቺ ማኮሊ የተባለ ስኮትላንዳዊ አሰልጣኝ ቀጠሩ።

ይኸውላችሁ፤ አንድ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ክለብና አንድ ትልቅ ቡድን ያልፈለገው ካናዳዊ እንዲህ ተገናኙ።

*

ጃንዋሪ 10 ቀን 1959፣ በእኛ ጥር 2 ቀን 1951፣ ቅዳሜ። የኤፍ ኤ ካፕ ሦስተኛ ዙር። ካሮው ሮድ ስታዲየም 38,000 ሰው ገብቷል። ሜዳው በረዶ ለብሷል። እንግዳው ማንቸስተር ዩናይትድ ነው።

የዚያን ዘመን ዩናይትድ ለማታውቁት ላስታውሳችሁ። ከአሥራ አንድ ወር በፊት፣ በፌብሯሪ 1958፣ ቡድኑን ያሳፈረው አውሮፕላን ሙኒክ ላይ ተከስክሶ 23 ሰው ሞቷል፤ ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ቡድኑ ግን በሚያስገርም ፍጥነት ተነሥቷል፤ የዚያን ዓመት ሊግ ሁለተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። በካሮው ሮድ ከተሰለፉት አሥራ አንዱ አምስቱ ከዚያ አውሮፕላን በሕይወት የወጡ ናቸው፦ በረኛው ሃሪ ግሬግ፣ ቢል ፎክስ፣ ዴኒስ ቫዮሌት፣ ቦቢ ቻርልተንና አልበርት ስካንሎን። በአጥቂው መስመር ላይ ደግሞ በ45,000 ፓውንድ፣ በብሪታንያ የዝውውር ክብረ ወሰን፣ የተገዛው አልበርት ኪክሳል አለ።

ኖርዊች? ሦስተኛ ዲቪዚዮን። በቃ።

በረዶው ላይ ዩናይትዶች ይንሸራተታሉ፣ ኖርዊቾች ይሮጣሉ። በመጀመሪያው አጋማሽ ቴሪ ብላይ አንድ አገባ። ከዕረፍት በኋላ ሰው ሁሉ ዩናይትድ ይነሣል ብሎ ሲጠብቅ ሁለተኛዋ መጣች። ክሮሳን በግንባሩ ገጭቶ አስገባት! መጨረሻ ላይ ብላይ ሦስተኛውን ደገመ። 3ለ0። ከአራት ቀን በኋላ የሚደገም፣ በዳኛ የሚሳበብ ውጤት አይደለም። ሦስት ለዜሮ፣ ንጹሕ ድል።

እሑድ ጠዋት ጋዜጣ ያነበበ እንግሊዛዊ ሁሉ የዚህን ካናዳዊ ስም አየው። እስቲ አስቡት፤ አንድ የሌላ አገር ልጅ በአውሮፓ ታላላቅ ከሚባሉት ቡድኖች በአንዱ ላይ ጎል ሲያገባ የአገሩ አሰልጣኝ ስልክ ያነሣል አይደል? ክሮሳንን ሊጠራ የሚችል ስልክ ግን አልነበረም። ያ ዓመት የካናዳ ብሔራዊ ቡድን አንድም ጨዋታ ያልነበረበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የነበረውም፣ ከዚያ በኋላ የመጡትም ስምንት ዓመታት እንደዚያው ናቸው።

*

ጉዞው ቀጠለ። በአራተኛው ዙር ካርዲፍ ሲቲን 3ለ2 አሸነፉ። በአምስተኛው ዙር ከቶተንሃም ጋር ለንደን ላይ ገጠሙ። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ 1ለ0 እየመሩ ነበር፤ ክሊፍ ጆንስ አቻ አደረጋቸው። ኖርዊች ውስጥ በተደረገው ድጋሚ ጨዋታ ግን ብላይ በአንድ ጎል ጨረሳቸው። ቶተንሃም ከሁለት ዓመት በኋላ ሊጉንና ዋንጫውን በአንድ ዓመት የጠቀለለው ቡድን መሆኑን አትርሱ።

ሩብ ፍጻሜው ሼፊልድ ላይ፣ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር ነበር። ለእኔ የዚህ ታሪክ ልብ ከዩናይትዱ ጨዋታ ይልቅ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ጨዋታው እየተካሄደ የኖርዊች በረኛ ኬን ኔዘርኮት ትከሻው ወለቀ። ዛሬ ቢሆን ሐኪም ይገባል፣ ተቀያሪ በረኛ ጓንቱን አጥልቆ ይተካዋል። በዚያን ጊዜ ግን ተቀያሪ የሚባል ነገር የለም! በእንግሊዝ ሊግ ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው በ1965 ነው። ያለህ አማራጭ ሁለት ነው፤ ወይ በአሥር ሰው ትጫወታለህ፣ ወይ የተጎዳው ሰው ሕመሙን ውጦ ይቆማል። ኔዘርኮት ቆመ። በአንድ እጁ ጎሉን ጠበቀ። ያ ጨዋታ 1ለ1 አለቀ፤ የኖርዊችን ጎል ያገባው ማን መሰላችሁ? ካውቦዩ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። የኳስ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰው ያሸነፈችውን ጎል ነው። አቻ ያደረገች ጎል ይረሳል። ያቺ የክሮሳን ጎል ባትኖር ግን የኔዘርኮት ጽናት በከንቱ ይቀር ነበር፣ ኖርዊችም እዚያው ቀርቶ ነበር። ተርፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ በድጋሚው ጨዋታ 3ለ2 አሸነፉ። በኔዘርኮት ቦታ የቆመው ሳንዲ ኬነን ነበር፤ እሱም ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣ ሌላ የባሕር ማዶ ልጅ።

ኖርዊች ግማሽ ፍጻሜ ገባ። ከዚያ በፊት ከሦስተኛው ዲቪዚዮን እዚህ የደረሱ ሦስት ክለቦች ብቻ ናቸው፦ ሚልዎል፣ ፖርት ቬልና ዮርክ ሲቲ።

ተጋጣሚው የአንደኛ ዲቪዚዮኑ ሉተን ታውን ነው። በቶተንሃም ሜዳ ከ60,000 ሰው በላይ ፊት 1ለ1 ወጡ። ማርች 18 በበርሚንግሃም በተደረገው ድጋሚ ጨዋታ ቢሊ ቢንግሃም ለሉተን አንዲት ጎል አገባ። 1ለ0። ዌምብሌይ ቀረ።

አለቀ። ዋንጫ የለም፣ ሜዳሊያ የለም። ለፍጻሜ የደረሰው ሉተን፣ ያሸነፈው ደግሞ ኖቲንግሃም ፎረስት ነው። በአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ 1959ን ብትፈልጉ ኖርዊች የሚል ቃል አታገኙም። ሁለተኛው ባዶ ቦታ ይህ ነው።

*

ከዚያ በኋላ ሰውየው ምን ሆነ? ሥራውን ቀጠለ። በ1959/60 ኖርዊች ሁለተኛ ወጥቶ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አደገ፤ ክሮሳንም የዚያ ቡድን አባል ነበር። በአጠቃላይ ለኖርዊች ከመቶ በላይ የሊግ ጨዋታ ተጫውቷል።

ደመወዙስ? በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነበረው። ከ1958 ጀምሮ ጣሪያው በሳምንት 20 ፓውንድ ሲሆን ውድድር በሌለበት ወቅት ደግሞ 17 ነው። የ45,000 ፓውንዱ ኪክሳልም ሆነ ከጊሊንግሃም ጭቃ የወጣው ክሮሳን በሕጉ ከዚህ በላይ አያገኙም። ገንዘቡ ከክለብ ወደ ክለብ ይሄዳል እንጂ ተጫዋቹ ኪስ አይገባም። ውልህ ቢያልቅ እንኳ ክለቡ «አልለቅም» ካለ አትሄድም። ይህን የጣሪያ ሕግ ተጫዋቾቹ አድማ እንመታለን ብለው ያስነሡት በጃንዋሪ 1961 ነው።

ክሮሳን ኖርዊችን የለቀቀው በዚያው ወር ነው፤ አጋጣሚ ማለት ይኸው ነው። ወደ ለንደኑ ሌይተን ኦሪየንት ሄደ፣ ጥቂት ተጫወተ፣ ከዚያም ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1962 ኖርዊች የሊግ ካፕን ዋንጫ አነሣ፤ እሱ የለም። በዚያው በ1962 ኦሪየንት ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደገ፤ እሱ የለም። ሰውየው በር ይከፍታል፣ ድግሱ ሲጀመር ሄዷል።

ይህን ስጽፍ «አይ ዕድል!» ብዬ ልጨርሰው እችል ነበር። ግን ዕድል ብቻ አይደለም። እንየው እስቲ።

የአንድ ተጫዋች ታላቅነት የሚለካባቸው ሦስት ሰንጠረዦች አሉ፦ ለአገር የተሰለፈበት፣ ያነሣው ዋንጫ፣ ያገኘው ገንዘብ። የክሮሳንን ታላላቅ ዓመታት በሦስቱም ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም። ለአገር መሰለፍ? አገሪቱ ራሷ ሜዳ አልገባችም። ዋንጫ? በሦስተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ግማሽ ፍጻሜ መድረስ ዋንጫ ከማንሣት ባይተናነስም መዝገቡ የሚጽፈው የመጨረሻውን አሸናፊ ብቻ ነው። ገንዘብ? ሕጉ ከልክሎታል። በሦስቱም ቦታ ባዶውን የፈጠረው የሰውየው እግር አይደለም። አንዱን ፌዴሬሽን፣ አንዱን የመዝገብ ልማድ፣ አንዱን የአሠሪዎች ስምምነት ፈጥሮታል።

ለዚህ ነው «ሪከርዱ ምንም የለውም እኮ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው፦ ማን የያዘው ሪከርድ?

*

አራተኛ መዝገብ ግን አለ፤ እሱም የሰው ትዝታ ነው። ኖርዊች ከተማ ውስጥ ያንን ዓመት አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ አስተላልፎታል። የአሥራ አንዱን ስም እንደ ውዳሴ በቃላቸው የሚወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ኔዘርኮት፣ ተርሎው፣ አሽማን፣ ማክሮሃን፣ በትለር፣ ክሮው፣ ክሮሳን፣ ኦልኮክ፣ ብላይ፣ ሂል፣ ብሬናን። ክለቡም በዝና መዝገቡ የካውቦዩን ስም ጽፎታል። ክሮሳን በ2016 በ85 ዓመቱ ሲያርፍ በዚያች በምሥራቅ እንግሊዝ ከተማ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከልባቸው አዘኑ። አገሩ ሜዳ አልሰጠችውም፤ የሰው አገር ከተማ ግን ልጄ አለችው።

ካናዳም ዘግይታ ነቃች። በ1986 ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ገባች፣ አንድም ጎል ሳታገባ ተመለሰች። በ2022 ኳታር ላይ አልፎንሶ ዴቪስ በክሮኤሺያ ላይ በግንባሩ ሲያገባ በወንዶች ዓለም ዋንጫ የካናዳ የመጀመሪያዋ ጎል ሆነች። ዴቪስ ጋና ውስጥ በስደተኞች መጠለያ የተወለደ ልጅ ነው። ልዩነቱን አያችሁ? አንዱ ከካናዳ ወጥቶ የሰው አገር አቀፈው፤ ሌላው ከሰው አገር መጥቶ ካናዳ አቀፈችው። ሁለቱም ጎላቸውን ያገቡት የሚያሰልፋቸው ሲያገኙ ነው። ተሰጥኦ ብቻውን አይበቃም፤ «ና፣ ግባ» የሚል ሰው ያስፈልገዋል።

ከእናንተ መካከል በሰው አገር የምትሠሩ፣ ሥራችሁ በየትኛውም ሰንጠረዥ የማይገባ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሌሊት የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የምትቆሙ፣ የሰው ልጅ የምታስተምሩ፣ መኪና የምትነዱ። አቻ የምታደርግ ጎል የምታገቡ ሰዎች ናችሁ። ጋዜጣ አይጽፋትም፤ ግን ያቺ ጎል ባትኖር ጨዋታው እዚያው ያልቅ ነበር።

እናንተስ? መዝገብ የረሳው፣ ሰፈሩ ግን ያልረሳው ተጫዋች ታውቃላችሁ? ስሙንና ያያችሁትን ጨዋታ ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

ቸር ሰንብቱ።